አንገቷን የደፋች ማሽላ

ባምባሲ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ አሰለፈች ይመር፤

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ከብቶቹስ? ልጅሽ ኪዳኔስ? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሐሳባችን አንቺው ነሽ።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ዋሊድ ከኮምቦልቻ ሲመለስ አምጥቶ ሰጠኝ። ከስልክ ደብዳቤ ይሻላል ያልሽው እውነት ነው። ባለፈው ስደውል አንቺ «ማነው?» እኔ «በቃሉ ነኝ!» ስንባባል ካርዱ አለቀ፤ የባምባሲ ሰው ሁሉ ስሜን ሰማ፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ። ጆሮሽ ቢደክምም ዓይንሽ ይኑርልኝ። በመሠረተ ትምህርት አብረን የቆጠርናት ፊደል ይኸው ዛሬ ጠቀመችን።

የአባታችን ማሽላ አንተ ጋ አለች ወይ ላልሽኝ፣ አለች። በጦርነቱ ዓመት ጎተራሽ ተሟጦ ዘሩ ሳይቀር መበላቱን ሳነብ አዘንኩ፤ ቀጥሎ ግን ደስ አለኝ፣ ይቅር በይኝ። በ77ቱ ድርቅ መንግሥት ጭኖ እዚህ ሲያመጣን እናታችን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የሰጠችኝ እፍኝ ማሽላ፣ አባታችን «ወተት በጉንጬ» የሚላት፣ እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጣችም። ጎረቤቱ በቆሎ ሲል፣ ሰሊጥ ሲል፣ እኔ እሷን አንድ ጥግ ነፍጌ አላውቅም። ከውቂያ በፊት ማሳው ውስጥ ገብቼ ለዘር የሚሆነውን ዛላ የምመርጠው እኔው ነኝ። እንዳለች ናት እትዬ። ፍሬዋ እንኳ አልተለወጠም።

አንድ የሆዴን ልንገርሽ። ለእናታችን ተዝካር የመጣሁ ጊዜ በር ላይ የቆሙ ልጆች «የማን እንግዳ ነህ?» አሉኝ። ተወልጄ ባደግኩበት ደጅ። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ከየት ያውቁኛል? ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ማሽላዬ እዚያ ማሳ ላይ ስትቆም እኔም የቆምኩ ያህል ነውና ዘሩን አደራ።

ልጄ ስርጉት አሶሳ ባዮሎጂ ታስተምራለች። የወለጋው አማቻችን ጃለታም ደህና ነው። ልጃቸው ሐዊ አፏን ፈትታ እኔን በአባቷ ቋንቋ «አካኮ»፣ አያቴ፣ ትለኛለች፣ ከእናቷ ጋር በአማርኛ ትጣላለች፣ ከጎረቤታችን ከሙዐዊያ ልጆች ጋር በበርታ ትጫወታለች። አባታችን ቢሰማት ይህቺ የማን ናት ማለቱ አይቀርም ነበር።

ዘሩን በዋሊድ መኪና ልኬያለሁ።

ወንድምሽ በቃሉ

ሐርቡ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

በቃሉ፣ የእናቴ ልጅ፤

ደብዳቤዬ ስለዘገየ አትቀየመኝ። እኔ ቶሎ ብጽፍም መንገዱ ተዘግቶ ዋሊድ አልመጣ አለ።

ከረጢቱን ፈትቼ ፍሬዋን አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ጣዕሟ ያው ነው። አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። ኪዳኔ «እማዬ፣ ግማሹን ማሳ ከግብርና ቢሮ ያመጣሁትን አጭሩን ዘር እንዝራበት» ብሎ ለምኖኝ ነበር። እምቢ አልኩት። የአያትህ ዘር ከአርባ ዓመት ስደት ተመልሳ እንግዳ አናደርጋትም፣ ማሳው በሙሉ የእሷ ነው አልኩት።

እንዴት ሆነች ላልከኝ፣ ሰው አጥር እየተደገፈ ነው የሚያያት። ቁመቷ ከኪዳኔ ራስ አልፏል። ቅጠሏ ሰፊ፣ አገዳዋ የክንድ ያህል ነው። ጎረቤቴ ትዕግሥት «ይቺ ማሽላ ናት ወይስ ጫካ?» ትለኛለች። ራሷን ብቻ ገና አላወጣችም። የሌላው ሰው ማሽላ ሆዱ ተነፍቷል፣ የእኔዋ ቅጠል በቅጠል ናት። ኩሩ ስለሆነች ነው አልኳቸው።

አሰለፈች

ባምባሲ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለፈች፤

የኅዳሩ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ለሰላምታ አንድ መስመር ነው የሰጠሽኝ፤ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። እንደምን ነሽ።

ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ መቆሙን፣ ማሽላዋ ራሷን ያወጣችው መሬቱ ከደረቀ በኋላ መሆኑን፣ ዛላው ሁሉ ገለባ ሆኖ መቅረቱን አነበብኩ። አዝኛለሁ። ኪዳኔ ለከብት አጭዶት ከብቱ እንኳ ተርፎታል ያልሽውንም አነበብኩ። ግን «ዘር ብዬህ አገዳ ላክህልኝ፤ ይቺ የአባታችን ማሽላ አይደለችም፣ የሌላ ሰው አንስተህ ነው» ማለትሽን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።

እኔ የሌላ ሰው ዘር አላነሳሁም። ይቺ ማሽላ የአባታችን ካልሆነች እኔም የማን እንደሆንኩ አላውቅም። እዚህ ያለኝ የቤታችን ነገር እሷ ብቻ ናት። በዚህ ዓመትም ማሳዬ ላይ ሞልታ ቆማለች፣ መጥቶ ያየ ይመስክር።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጤና ይስጥሽ።

በቃሉ

ሐርቡ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

የእናቴ ልጅ፤

ደብዳቤህን ሳነብ ኪዳኔ «ምን አለ?» አለኝ። ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት አልኩት። በንዴት የጻፍኩት ነው፤ ማሳው በሙሉ ገለባ ሲሆን ሰው ምን እንደሚል አታውቅም። እግርህ ላይ ወድቄያለሁ፣ አንሳኝ።

ግን ነገሩ አልገባኝም። አንተ አትዋሽም። ማሽላዋ ደግሞ የእኛ አይደለችም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ? ከማሳው አንድ ባዶ ዛላ ቆርጬ ልኬልሃለሁ። እስቲ ስርጉትን ጠይቅልኝ፣ የተማረች አይደለችም ወይ?

ኪዳኔ ከእንግዲህ ማሳውን በቢሮው ዘር ልዝራበት ብሏል። እውነት አለው፣ ቤቱ መብላት አለበት። የጓሮዋን ቁራሽ መሬት ብቻ ተውልኝ ብዬ ለመንኩት፣ እሺ አለ። እዚያች ላይ ካልሆነልኝ የአባታችን ዘር በዚህ አገር አበቃላት ማለት ነው።

አሰለፈች

ባምባሲ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለፈች፤

ተነሺ፣ እግሬ ላይ አትውደቂ፤ ጉልበትሽን ያምሻል።

ስርጉትን ጠየቅኳት። አንቺ የላክሽውን ባዶ ዛላና የእኔን ሙሉ ዛላ ጎን ለጎን አስተኝታ አየቻቸውና «አባባ፣ ዘር ስትመርጥ የትኛውን ነው የምታነሳው?» አለችኝ። ንጹሑን ነዋ፣ አልኳት። ንጹሕ ማለት ምን ማለት ነው? ያልሻገተ፣ አልኳት። እዚህ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ማለቂያ አይለቅም። ቀጥ ብሎ የቆመ ዛላ ውሃ ይይዝና ይሻግታል፤ አንገቱን የደፋው ግን ውሃው ያንጠባጥብለታል። «የአያቴ ማሽላስ አንገቷን ትደፋ ነበር?» አለችኝ።

የአባታችን ማሽላ እንደ ዘብ ቀጥ ብላ ነበር የምትቆመው። አስታውሳለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ሳስታውሳት ኖሬ በዓይኔ ሥር ስትለወጥ አላየኋትም።

እኔ መቼ እሸነፋለሁ፣ «እንግዲያው ዝናቡን ስታይ አንገት መድፋት ተማረች» አልኩ። ሳቀችብኝ። ማንም አልተማረም፣ አለች። በእናታችን እፍኝ ውስጥ የነበረው ፍሬ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የአንድ እናት ልጆች መቼ አንድ ሆነው ያውቃሉ፣ እኔና አንቺን ማየት ነው። ጥቂቶቹ አንገታቸው ዘንበል ያለ ነበር፣ ጥቂቶቹ ዘግይተው የሚያብቡ ነበሩ። ቀጥ ያሉት እዚህ ሻገቱ። ቀድመው የደረሱትን፣ ሌላው ገና ለጋ ሳለ፣ ግሪሳ ወፍ ወረደባቸው። የተረፉት ለዘር በቁ፣ ልጆቻቸውም እነሱን መሰሉ። ዝናቡ መረጠ፣ ወፉ መረጠ፣ እኔም መረጥኩ። ከዓመት ዓመት ያለው ልዩነት ለዓይን አይሞላም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትለኝ የለም ወይ» ብላ በገዛ ተረቴ መታችኝ። ይሄ ዝግመተ ለውጥ ይባላል፤ ለተማሪዎቿ ስታስተምረው እኔ ቤት ውስጥ ማስረጃው ተሰቅሎ እንደነበረ አላወቀችም።

ደግሞ የመጣው እፍኝ ብቻ ነው፤ ከሙሉ ጎተራ የትኛው ጠባይ በእናታችን እፍኝ ውስጥ እንደገባ ዕድል ነው አለች። አንቺም ዝም ብለሽ አልተቀመጥሽም። ዝናቡ ቶሎ እየተቋረጠ ሲያስቸግርሽ ቶሎ የደረሰውን ለዘር ስታነሺ ኖረሻል። አንቺ ወደ ፊት ጎተትሽ፣ እኔ ወደ ኋላ።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅኳት። ታዲያ ሌላ ሆናለች? ገና ነው፣ አለችኝ። ፈረስና አህያን እይ፣ አለች። ድሮ ድሮ አያታቸው አንድ ነበረ። ተለያዩ፣ እያንዳንዱ በየአገሩ ኖረ፣ ለማሰብ የሚከብድ ዘመን አለፈ። ዛሬ ቢገናኙ በቅሎ ይወልዳሉ፤ በቅሎ ግን ዘር አትተካም። ያን ጊዜ ነው ሁለት ዝርያ ሆኑ የሚባለው። የቱ ቀን ነው የተለያዩት ብትዪ ቀን የለውም፤ የራሷ ያልሆነ ዓይነት የወለደች እናት ኖራ አታውቅም። የእኛዎቹ እዚያ አልደረሱም፣ ጅምሩ ግን አለ። የአንቺዋ ስታብብ የእኔዋ ገና ቅጠል ናት፤ አንድ ማሳ ላይ ቢቆሙም አይገናኙም።

ሌላም ጉድ አለ። አንገት መድፋቷ ምናልባት ከሙዐዊያ ማሳ በነፋስ የመጣ ሊሆን ይችላል አለች። የእነሱ ማሽላ ከጥንትም አንገቱን ይደፋል። ሄጄ ነገርኩት። ሙዐዊያ ሆዱን ይዞ ሳቀና «ኻላስ በቃሉ፣ አንተ ማሽላ እኔ ማሽላ አግብቷል። እኛ ነሲብ ነው» አለኝ። ኻላስ በቃ ማለት ነው፣ ነሲብ ደግሞ አማች። ይኸው ገበያ መሀል ነሲብ እያለ ይጠራኛል።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አልተለወጠችም ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ምን ልበልሽ?

በቃሉ

ሐርቡ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

የእናቴ ልጅ፤

ምንም አትበለኝ። አርባ ዓመት በሌላ አገር ዝናብ ውስጥ ያልተለወጠ ድንጋይ ብቻ ነው። አንተስ መቼ እንደሄድክ ሆነህ ተመለስክ? በተዝካሩ ጊዜ ነገርህ ሁሉ የዚያ አገር ነበር፣ አለቃቀስህ ግን የእኛው ነው። ለመሆኑ ይሄ ዝግመተ ለውጥ ያ በዝንጀሮ የሚጨቃጨቁበት ነገር ነው ወይ? ፈርቼ ለነፍስ አባቴ አነበብኩላቸው። «እግዚአብሔር ዘርን ብዛ እንጂ አትለወጥ አላለውም» አሉኝና የማሽላውን ነገር እስከ መጨረሻው ንገሪኝ ብለው ተቀመጡ።

አሁን ዋናውን ስማ። ደብዳቤህን ለትዕግሥት ሳነብላት «እትዬ፣ የእናንተን የድሮውን ማሽላ ለአማቴ ሰጥተሻት አልነበር?» አለችኝ። ረስቼው ነበር። ሄድን። የአማቷ ቤት ምድጃ በላይ፣ ነቀዝ እንዳይነካው በጭስ ጠቁረው፣ ቀጥ ያሉ ዛላዎች ተሰቅለዋል። የእኔዎቹ ናቸው። አሮጊቷ «ውሰጂ፣ ድሮም የአንቺ ነው» ብላ አወረደችልኝ።

ስለዚህ አሁን ሁለቱም እጄ ላይ ናቸው፤ የእኔም፣ ከላክልኝ ከረጢት ግርጌ የተረፈው ያንተም። አስቤበታለሁ። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል? የእነዚህ እናት አንድ ናት፣ ግን አርባ ክረምት አርባ ቤት ነው፤ ሰባቱን ካለፉ ቆይተዋል። ስርጉት ደግሞ በወዲያ በኩል ሌላ ድንበር አለ ትላለች፣ በጣም ከራቁ የማይጋቡበት። እዚያም አልደረሱም። በሰባት ቤትና በበቅሎ መሀል ናቸው። አሁን ካልዳርናቸው መቼ ልንድራቸው ነው?

እንዴት እንደሚደረግ ስርጉት ትንገረኝ። ጓሮዬ ዝግጁ ነው።

አሰለፈች

ባምባሲ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለፈች፤

ደብዳቤሽን ለሙዐዊያ ሳነብለት እኔም ለሠርጉ ልጠራ ይገባል አለ፤ እሱም የሙሽሪት ወገን ነው። ወረቀቱን ለስርጉት ልስጣት፣ እጇን ዘርግታ እየጠበቀች ነው።

አክስቴ፣ እንደምን ነዎት? የአባባን ዘር ዛሬ ነገ ሳይሉ ጓሮ ይዝሩት፤ ዝናብ እስኪመጣ የዕቃ እጣቢ ይበቃዋል። የእርስዎን ግን በሰኔ ከፊሉን፣ በሐምሌ ከፊሉን ይዝሩት፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው አበባው ይገጥማል። የአባባ ዛላ ጫፉ ላይ ማበብ ሲጀምር፣ ቢጫ ዱቄት የሚያራግፍ የእርስዎን ዛላ አጠገቡ አምጥተው አብረው ይሰሩት፤ በስስ ጨርቅ ይሸፍኑትና ጠዋት ጠዋት ነቅነቅ ያድርጉት። ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ስለሚፀነስ ሁሉም ፍሬ ቅልቅል አይሆንም። ጥቂቱ ይበቃናል። የትኛው እንደሆነ በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ይናገራል። አባባ ሌሊት ሌሊት ማሰቡን ትቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሐርቡ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእናቴ ልጅ፤

ለእንቁጣጣሽ ሳልጽፍልህ መቅረቴን እወቅልኝ፣ ሠርግ ላይ ነበርኩ።

የሰኔዎቹ ቀድመው አብበው አለፉ፤ ከንፈሬን ስነክስ ሰነበትኩ። የሐምሌዎቹ ዱቄታቸውን ማራገፍ ሲጀምሩ ያንተዋ ጫፏን ከፈተች። ከአሮጌ ነጠላዬ ቀድጄ አለበስኳቸው። ያንተዋ ረጅም ስለሆነች እጄ አልደረሰም። «እማዬ፣ ሰው አበደች ይልሻል» ሲለኝ የነበረው ኪዳኔ መጥቶ አገዳዋን ጎንበስ አድርጎ ያዘልኝ፣ ሳላስበው። ትዕግሥት ከአጥር ወዲያ እልል አለች። መንደሩ አሁን «አሰለፈች ማሽላ ዳረች» እያለ ይስቃል፤ ሲያልፉም ሙሽሮቹ እንዴት ናቸው ይሉኛል። ይሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

እና ትኩሳትህ እንዴት ነው? በነሐሴ ዋሊድ «ተኝቶ ነው ያገኘሁት» አለኝ፤ አንተ ግን አንዲት ቃል አልጻፍክም።

አሰለፈች

ባምባሲ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለፈች፤

ወባ ነበር፣ አልፏል። ሠርገኛ ላይ መርዶ አይነገርም ብዬ ነው።

ዛላው ሞላ፣ ፍሬው ከረጢት ገባ ብለሽ በዋሊድ መልእክት መላክሽ ጥሩ ነው። እኔ ግን ገና አላመንኩም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ የእኛዋም አጎቷን ብቻ ቆጥራ እንዳትቀር እፈራለሁ። በቅላ፣ አብባ፣ ፍሬ ይዛ፣ ያ ፍሬ ራሱ መብቀሉን ካላየሁ ለሰው አላወራም። ስርጉት ትስቅብኛለች፤ የሁለቱ ዝምድና ቅርብ ስለሆነ አትስጋ ትለኛለች። ስጋት በትምህርት አይወጣም።

ትናንት ሐዊ ደብተርህን አሳየኝ ብላ ደብዳቤዎችሽን ዘረገፈቻቸው። ይሄ ከማን ነው አለችኝ። ከእህቴ። እህትህ የት አለች? ሐርቡ። «እኔ የሐርቡ ነኝ?» አለችኝ። ነሽ፣ አልኳት። «የባምባሲስ?» የባምባሲም ነሽ። «እሺ» ብላ ሄደች። እኔ ስንት ዓመት የተብሰለሰልኩበትን እሷ በእሺ ጨረሰችው።

ዘንድሮ ሁሉንም ዝሪው። እኔ በዚህ በኩል እጸልያለሁ።

በቃሉ

ሐርቡ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

በቃሉ፣ የእናቴ ልጅ፤

ጉልበቴ ደህና ነው፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው። ይህን ቀድሜ የጻፍኩት ወሬውን ሳታነብ ስለ ጤናዬ እንዳታስብ ነው።

ጓሮው ውስጥ ሦስት ዓይነት ቆመ። ጥቂቱ እንዳንተዋ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ቆየ። ብዙው እንደ እኔዋ ቀጥ ብሎ ቶሎ ደረሰ። መሀል መሀል ላይ ግን ሁለቱንም ያልሆኑ፣ ሁለቱንም የሆኑ በቀሉ። መሬቱ ሳይደርቅ ራሳቸውን አወጡ፣ ሞሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው አንገታቸውን ደፉ። እዚህ አገር አንገቷን የደፋች ማሽላ ታይታ ስለማታውቅ ልጆቹ ታማለች ብለው ሊነግሩኝ ሮጡ።

ከዚያ አጨዳ ሲደርስ፣ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ። ሰማዩ እንደተቀደደ ሰነበተ። የኪዳኔ ማሳ ብዙ ሰጥቶ ነበር፣ ዛላው ግን ውሃ ይዞ ግማሹ ጠቆረ። የሰዉም እንዲሁ ነው። የእኔም ቀጥ ያሉት ጠቆሩ። አንገታቸውን የደፉት ውሃውን አንጠባጥበው ንጹሕ ሆነው ቆዩ። ኪዳኔ ጓሮ ገብቶ አንዱን ዛላ በእጁ እያገላበጠ ብዙ ቆየ። «እማዬ፣ ለከርሞ ከማሳው ግማሹን ለዚች» አለኝ። እኔም ግማሹ ይበቃል አልኩት፤ ከባለፈው ተምሬያለሁ።

የበቅሎዋ ነገር አስጨንቆሃልና ከፍሬዋ ቆንጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ። ስፈታው ሁሉም ጭራ አውጥቷል። በቅሎ አይደለችም። ለአንተም ለሙዐዊያም በዋሊድ ልኬያለሁ፤ እዚያ ደግሞ ምን እንደምትሆን ያንተ ዝናብ ያውቃል።

የአባታችን ናት ወይ ብለህ ከጠየቅከኝ፣ አባታችን ቢነሳ አይለያትም፣ ቀምሶ ግን ያውቃታል። ሐዊንም እንደዚሁ።

ሰው ዘር ሊለምነኝ ይመጣል። ስሟ ማነው ይሉኛል። ወተት በጉንጬ እንዳልላቸው ያቺኛዋን ያውቋታል፤ ስለዚህ ያመጣትን ሰው ስም ሰጠኋት። ትናንት ደጄ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቁና ይዛ ቆማለች፤ በተዝካሩ ጊዜ ገና ያልተወለደች ናት። ጆሮዬ ስለማይሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ፣ «እማማ፣ እናቴ ናት የላከችኝ፤ በቃሉ አለ ወይ?» አለችኝ።

አለ አልኳትና ቁናዋን ሞላሁላት።

እህትህ አሰለፈች